«አንድ ጊዜ ትውለድ ወይ?» ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ማታ አነበብኩትና ሲያብሰለስለኝ አደረ። 10 ወር የሞላት ዲቃላ ጀርመን ሸፐርድ አለችኝ፤ ወንድ ውሻ ያለው ሰው «የኔ ንጹህ ዘር ነው፣ እናዳቅላቸውና ቡችሎቹን እንካፈል» ብሎኛል፤ አንድ ጊዜ ካልወለደች ትታመማለች ይላሉ፣ እውነት ነው ወይ፤ ቀን ቀንስ ታስራ መዋል አለባት ወይ ነው ያልከው። እኔም እዚሁ ጅማ ነኝ፣ ኮቺ። ከስድስት ዓመት በፊት ይኸው ጥያቄ ነበረኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ገባሁበት።

መልሴ አጭር ነው። አታዳቅላት። ቡችሎቹ የሚገቡበትን ቤት አንድ በአንድ ቆጥረህ እስክታውቅ ድረስ አታዳቅላት። ለምን እንደሆነ ግን በረጅሙ ነው የምነግርህ።

ካልወለደች ትታመማለች የሚለው እውነት አይደለም። መውለድ ሴት ውሻን ከበሽታ አይጠብቃትም። እንዲያውም የመጀመሪያው ደም ሳይመጣባት የመከነች፣ ማለትም እንዳትወልድ በቀዶ ሕክምና የተደረገች ውሻ በጡት ዕጢ የመያዝ ዕድሏ በጣም ያነሰ ነው። ሳትመክን ዕድሜዋ የገፋ ውሻ ደግሞ፣ ወለደችም አልወለደችም፣ ማህፀኗ መግል ሊቋጥር ይችላል። ደም ካየች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውሃ አብዝታ መጠጣት ከጀመረች፣ ምግብ ከተወች ወይ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከወጣት ያኔውኑ ሐኪም ጋ ነው፣ ለነገ አይባልም።

አሁን የኔዋን ልንገርህ። ዳማ ትባላለች። 11 ወሯ ነበር፣ የመጀመሪያ ደሟ ሰኔ ላይ መጣ። ሰፈር ውስጥ ግዙፍ ጀርመን ሸፐርድ ያለው ሰው ልክ አንተን እንዳለህ አለኝ፣ እሺ አልኩ። እኔ ያየሁት የወንዱን ቁመትና ቀጥ ያለ ጆሮውን ብቻ ነው። ክትባት አለው ወይ አላልኩም፣ ወንድሞቹና እህቶቹስ እንዴት ናቸው አላልኩም፣ ዳሌ የሚባል ነገር እንደሚጠየቅም አላውቅም ነበር። ውሻ እርግዝናዋ 63 ቀን ገደማ ነው። ሰኔ አጋማሽ የተጠቃች ነሐሴ አጋማሽ ትወልዳለች ማለት ነው፣ የጅማን ነሐሴ ደግሞ ታውቀዋለህ። ማታ ምጥ ሲጀምራት የቆርቆሮ ቤቷ ወለል ውሃ አቁሯል። ከሰል የምናስቀምጥበትን ክፍል እኔና ባለቤቴ በስልክ መብራት ባዶ አደረግንና ማዳበሪያና አሮጌ ጋቢ አነጠፍንላት። ዘጠኝ ወለደች፣ ሁለቱ ሞተው ነው የወጡት። የመጨረሻው ሲወጣ ከመድከሟ የተነሳ ሳትልሰው ራሷን ጣል አድርጋ ተኛች። ሽፋኑን በጣቴ ቀድጄ፣ አፍንጫውን በፎጣ ጠርጌ፣ ጀርባውን ሳሽ ሳሽ ነው ድምፅ ያወጣው። ልጅ ልጅ ስትወልድ ምን እንደሚመስል ያን ሌሊት አየሁ። በየመሀሉ ቀና ብላ ታየኛለች፣ ምን እንደሆነች አልገባትም።

ቡችሎቹ ሦስት አራት ሳምንት ሲሆናቸው የምታጠባ እናት ከወትሮዋ ሁለት ሦስት እጥፍ መብላት አለባት። ቅንጬ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ከሥጋ ቤት የሚገዛ ቁርጥራጭ፣ ሁሉንም አቅርበንላት የጎን አጥንቷ ይቆጠር ነበር።

ከሰባቱ ሦስቱ ወንዶች ናቸው። ሁለቱን የወንዱ ውሻ ባለቤት መርጦ ወሰደ፣ ሦስተኛው በሁለት ቀን ተሸጠ። አራቱ ሴቶች ግን ቀሩ። የሚመጣው ሰው ሁሉ ቡችላውን ገልብጦ ያያል፣ «ሴት ናት? አይ፣ ትወልድብኛለች» ብሎ ያስቀምጣታል። ይህ ነው ያንተም ዋናው ችግር የሚሆነው፣ ስለዚህ አስምርበት። ቡችሎቹን እኩል እንካፈል ሲሉህ ሴቶቹን ማን ነው የሚወስደው ብለህ ጠይቅ። «በካርቶን አድርገሽ ገበያ ዳር አስቀምጫቸው፣ የሚፈልግ ይወስዳል» ያለኝ ሰው አንድ ሁለት አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አዌቱ ወንዝ ዳር አንድ ጠዋት አፉ የታሰረ ማዳበሪያ ሲንቀሳቀስ አይቼ ፈትቼዋለሁ። ዐይናቸው ያልተገለጠ አምስት ቡችሎች ነበሩ፣ አምስቱም ሴቶች። ስለዚህ ካርቶኑን እሺ ማለት አልቻልኩም።

ከዚያ የባሰው መጣ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ቡችላ ሊያይ መጣ። «የነበረኝ ባለፈው ሳምንት ደም እያስቀመጠው ሞተብኝ» አለኝ። አዘንኩለት። ገባ በል አልኩት፣ አራቱንም አንድ በአንድ አቅፎ አያቸው። በአምስተኛው ቀን ትንሿ ጡት ተወች። ማታ ላይ አስመለሳት፣ ጠዋት የተኛችበት ጨርቅ በደም ርሷል። ሽታውን አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። የውሃው ሳህን ላይ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች፣ ውሃው አፍንጫዋን ይነካል፣ ግን መጠጣት አትችልም። ፓርቮ የሚባል የቡችሎች ተላላፊ በሽታ ነው አለኝ ሐኪሙ። በጫማ ይመጣል፣ በእጅ ይመጣል፣ በልብስ ይመጣል፣ አፈር ውስጥም ከወራት አልፎ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ግሉኮስ ተተከለላቸው፣ ቤት ደግሞ ኦአርኤስ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ አደርግላቸው ነበር፣ ሌሊት በየሰዓቱ እየተነሳሁ። ሦስቱ ሞቱ። የተረፈችው አንዷ ጨረቃ ናት፣ አሁንም እኔ ጋ አለች። ሳይከተቡ እንግዳ እንዲያቅፋቸው የፈቀድኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንንም አልወቅስም።

የፓርቮ ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመራል፣ በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት እስኪሞላቸው ይቀጥላል። ነጋዴ «አንዴ ተወግቷል» ብሎ ቢሸጥልህ ክትባቱን ጨርሷል ማለት አይደለም፣ ካርዱን አሳየኝ በለው። የሞተ ቡችላ የነበረበትን ሲሚንቶ በበረኪና እጠበው፣ አንድ እጅ በረኪና ለሠላሳ እጅ ውሃ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይቆይበት። አፈሩን ግን ምንም ልታደርገው አትችልም፣ ስለዚህ እዚያ ግቢ ያልተከተበ ቡችላ አታስገባ።

ያ የተሸጠው ወንድ ደግሞ 7 ወሩ ላይ ከተኛበት መነሳት ያቅተው ጀመር። ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ነው የሚያነሳው። የዳሌ መጋጠሚያው ልክ አልነበረም። ይህ ጀርመን ሸፐርድ ላይ በጣም የሚታይ፣ በዘር የሚተላለፍ ችግር ነው። ገዢው ሳያማርረኝ አሁንም ይንከባከበዋል፣ ባየሁት ቁጥር ግን አንጀቴን ይበላኛል። ስለዚህ ያ ሰውዬ «ንጹህ ዘር» ሲልህ ወንዱ ሁለት ዓመት ሞልቶታል ወይ፣ ዳሌው በራጅ ታይቷል ወይ ብለህ ጠይቀው። ራጅ ከሌለ ቢያንስ ከተኛበት ሲነሳና ሲሮጥ ቁመህ እየው። ብልቱ ላይ እንደ አበባ ጎመን ያለ የሚደማ ዕጢ ካለ ደግሞ ጭራሽ እንዳታስጠጋው፣ በመጠቃት ጊዜ የሚተላለፍ የውሾች ነቀርሳ ነው። ይታከማል፣ ግን ላንተዋ ለምን? ይህን ሁሉ አልፈህ አዳቅላለሁ ካልክም ሁለት ዓመቷ ይሙላ። ቡችሎቹም ከ8 ሳምንት በፊት ከእናታቸው አይለዩ።

የመታሰሩን ነገር ጠይቀሃል። ቀን ታስራ ሌሊት ተፈትታ የሚለው የሀገሩ ልማድ ነው። እኔም አደርገው ነበር። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የምትውል ውሻ ጥሩ ጠባቂ አትሆንም፣ ሁሉን ነገር የምትፈራና የምትነክስ ነው የምትሆነው። ግቢህ አጥር ካለው ፍታት። ከሌለው ከግንድ ግንድ ሽቦ ወጥርና ሰንሰለቱ ሽቦው ላይ ይንሸራተት፣ ጥላና ውሃ የምትደርስበት ይሁን። በአንገቷ ማሰሪያ ውስጥ ሁለት ጣትህ መግባት አለበት፣ እያደገች ስለሆነ በየሳምንቱ ሞክረው። ቆዳ ውስጥ የሰመጠ ገመድ ከአንድ ውሻ አንገት በመቀስ ቆርጠው ሲያወጡ አይቻለሁ፣ ባለቤቱ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ዝም ብሎ አላየውም። ሌሊት ደግሞ በሩን ከፍተህ ወደ ሰፈር አትልቀቃት። መኪናም ባጃጅም አለ፣ ወደ ዳር ዳሩ ጅብ ይወርዳል፣ የጎረቤት ልጅም ጠዋት ወደ ቁርአን ቤት ይሄዳል።

እግረ መንገዴን፣ ጎረቤቶችህ ሙስሊሞች ከሆኑ፣ እኛ ሰፈር እንደምናደርገው አድርግ። የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ለሶላት ስለሚያስቸግራቸው እንግዳ ሲመጣ ጨረቃን እይዛታለሁ፣ የበር ላይ ውሃቸው አጠገብም አትደርስም። የግራ ጎረቤቴ ሐጂ ራሳቸው ውሻ አይነኩም፣ ግን ዝናብ ሲበረታ «ውሻሽ ደርቃለች?» ብለው በአጥር የሚጠይቁኝ እሳቸው ናቸው።

ምግብን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ። የወጥ ትርፍራፊ አትስጣት። ሽንኩርቱ የውሻን ደም ያበላሻል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ሁለተኛው የበዓል ነው። በግ ወይ በሬ ሲታረድ ሳንባው ወይ ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይገኛል፣ «አይበላም» ይባልና ለውሻ ይወረወራል። ያ ከረጢት ውሻዋ አንጀት ውስጥ ጥቃቅን የኮሶ ዓይነት ትሎች ይሆናል፣ እንቁላሉ በዐይነ ምድሯ ይወጣል፣ ከዚያ በእጅና በጎመን አድርጎ ልጅህ ጉበት ላይ ያው ከረጢት ይበቅላል። ጥሬውን በፍጹም አትስጣት። ወይ ደህና አድርገህ ቀቅለው፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበረው። የትል መድኃኒት ስትገዛም ፕራዚኳንቴል ያለበትን ጠይቅ፣ ብዙዎቹ ሌሎች የትል መድኃኒቶች ይህን ትል አይገድሉም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ካልወሰደች ይህን ጽሑፍ አንብበህ ሳትጨርስ ተነስ። በ3 ወሯ መከተብ ነበረባት፣ ዓመት ሲሞላት ይደገማል፣ ከዚያ በየዓመቱ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውም ሆነ ውሻ አይተርፍም ማለት ይቻላል፣ ሰው ላይ የሚደርሰውም ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ ነው። ቤት ውስጥ ማንም በማንም ውሻ ቢነከስ ወይ ቢቧጨር ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። ጸበልም ቢሆን የባህል መድኃኒትም ቢሆን ከክትባቱ በኋላ ይደረሳል። ክትባቱ ግን ቀን አይሰጥም።

ደሟ ሳትመክን በፊት ከመጣ ሦስት ሳምንት ያህል ቤት ውስጥ አቆያት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደሙ ሲቀንስ አለቀ ብሎ መልቀቁ ነው፣ የምታረግዘው ግን ያኔ፣ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። አጥር ዘሎ የሚገባ አይጠፋም፣ ባንድ እርግዝናም ከሁለት አባት ልትወልድ ትችላለች። ማምከኑንና ክትባቱን ጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሄደህ ጠይቅ፣ ከተማ ውስጥም የግል የእንስሳት ሐኪሞች አሉ። ጨረቃን ሳስመክን ጠዋት ወስጃት ማታ በእግሯ ገባች። ስፌቱን እንዳትልስ አንገቷ ላይ ባልዲ ቆርጬ አሰርኩላት፣ 10 ቀን ደረቅ ቦታ ተኛች፣ አለቀ። ላንተም ክረምት ሳይገባ ቢሆን እመርጣለሁ፣ በዝናብ ጊዜ እዚህ ጅማ ደረቅ ወለል ማግኘት ከባድ ነው። ለመሄድ ስትነሳ ጻፍልኝ፣ የጨረቃም ዓመታዊ ክትባት ደርሷል፣ አብረን እንወስዳቸዋለን።