ጄንታማይሲን ከመወጋትሽ በፊት

እህቴ፣ «ሚኒየር ነው ተባልኩ፣ ሐኪሙ ጆሮዬ ውስጥ ጄንታማይሲን ልውጋሽ አለኝ፣ ግን በዚያ ጆሮ ገና እሰማለሁ» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ ከዚህ ማዞርና የመስማት መቀነስ ከሚያመጣ የውስጥ ጆሮ በሽታ ጋር 7 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሲነሳብኝ ወለሉን በሁለት እጄ ሙጭጭ አድርጌ ይዤ 3 ሰዓት ሙሉ አስመለሰኝ። «ማዞሩ ብቻ ይቁምልኝ፣ ጆሮው እንደፈለገ ይሁን» የሚያስብል ቀን እንዳለ አውቃለሁ። በዚያ ቀን ግን አትወስኚ።

ጄንታማይሲን የሚሠራው ሚዛን የሚጠብቁትን የውስጥ ጆሮ ሴሎች በመጉዳት ነው። ማዞሩን ብዙ ጊዜ ያቆመዋል። የመስማት ሴሎች ግን እዚያው ጎረቤት ናቸው፣ አንዴ ከሞቱ ደግሞ አይተኩም። ስለዚህ መጀመሪያ መስማትን የማይነካው ይሞከር።

እኔ ጨው ቀነስኩ፣ ለማዞር የሚሰጠውን ቤታሂስቲንና ሽንት የሚያበዛ ክኒን ወሰድኩ። ብዙም አልረዳኝም። ቀጥሎ ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት በጆሮ ታምቡር በኩል ተወጋሁ። ታምቡሩን ያደነዝዙታል፣ በቀጭን መርፌ ያስገባሉ፣ ከዚያ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ እስኪሰርግ ጆሮሽን ወደ ላይ አድርገሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ትተኛለሽ። ትንሽ ያዞራል፣ ወዲያው ይለቃል። አልፎ አልፎ ታምቡሩ ቀዳዳ ሊቀርበት ይችላል እንጂ መድኃኒቱ ራሱ መስማትን አይጎዳም። በየሳምንቱ ይነሳብኝ የነበረው በሁለት ወር አንዴ ሆነ። እውነቱን ለመናገር የጄንታማይሲንን ያህል ኃይል የለውም፣ ሲደክም መደገም አለበት። እኔን 2 ዓመት አቆየኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ጄንታማይሲን የተወጋሁት፣ ያውም በትንሽ መጠን፣ አንዴ ብቻ፣ ከመርፌው በፊትና ከወር በኋላ የመስማት ምርመራ እየተደረገልኝ። በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ልውጋሽ ካሉሽ ለምን እንደሆነ አጥብቀሽ ጠይቂ። 2 ሳምንት ጀልባ ላይ ያለሁ ይመስል እየተንገዳገድኩ ሄድኩ፣ የሚዛን ልምምዱ ነው ያስተካከለኝ። መስማቴ እንደነበረ ነው፣ ተመስገን። በሽታው ራሱ ግን ቀስ በቀስ መስማትን ስለሚቀንስ ለማንም ዋስትና መስጠት አይቻልም።

መርፌውም ካልሠራ የሚዛኑን ነርቭ ብቻ ቆርጦ የመስማቱን የሚተው ቀዶ ጥገና አለ። የራስ ቅል ስለሚከፈት ቀላል አይደለም። የውስጥ ጆሮውን ጠርጎ የሚያወጣውን ግን በዚያ ጆሮ እየሰማሽ እሺ አትበዪ።

የመጨረሻው የመስማት ምርመራሽ መቼ ነው? ሌላኛው ጆሮሽስ ጤነኛ ነው? እሱም ከታመመ ጄንታማይሲን ሚዛንሽን ከሁለቱም ወገን ሊያሳጣሽ ስለሚችል ነገሩ በጣም ይለያል።