የቤዝቦል አሰልጣኝ ለምን ማልያ ይለብሳል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ዛሬ ስለ ቤዝቦል አሰልጣኞች ልብስ የመጡትን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ልጄን ይዤ የዋሽንግተን ናሽናልስን ጨዋታ ለማየት ስታዲየም ገባሁ። "አባዬ፣ ያ ሽማግሌ መቼ ነው የሚጫወተው?" ብሎ ጠየቀኝ። የእግር ኳስ አሰልጣኝ ሱፍ ለብሶ ይቆማል፤ የቤዝቦሉ ለምን የተጫዋች ልብስ ይለብሳል?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ፣ ልጅዎ አልተሳሳተም፤ ድሮ አሰልጣኙም ይጫወት ነበር። በጨዋታው መጀመሪያ ዘመን ሜዳ ላይ ቡድኑን የሚመራው ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ አምበሉ ነበር። በኋላም እየተጫወቱ ያሠለጠኑ ብዙዎች ናቸው። ክሊቭላንድ በ1948 ዋንጫ ሲበላ አሰልጣኙ ሉ ቡድሮ ራሱ ሜዳ ውስጥ ነበር። እዚያው ክሊቭላንድ፣ በ1975 ፍራንክ ሮቢንሰን የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆኖ በጀመረበት ቀን ዱላውን ይዞ ወጣና ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያወጣ ምት) መታ። ይህን ለልጅዎ ይንገሩት፤ አይረሳውም። እየተጫወቱ ካሠለጠኑት የመጨረሻው የሲንሲናቲው ፒት ሮዝ ነው፤ በ1986 መጫወቱን አቆመ። ከዚያ ወዲህ እየተጫወተ የሚያሠለጥን የለም፤ ልብሱ ግን ሳይለወጥ ዘለቀ።

ደግሞም የእግር ኳስ አሰልጣኝ መስመሩን አያልፍም። የቤዝቦሉ አሰልጣኝ ግን ወርዋሪውን (ኳሱን ለመቺው የሚወረውረውን ተጫዋች) ሲቀይር ሜዳው መሃል ድረስ ሄዶ ኳሱን ከወርዋሪው እጅ ይቀበላል። ድካም ያሸነፈው ወጣትና ያ ሽማግሌ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ፊት ለፊት ሲቆሙ ማየት እኔን ሁልጊዜ ይነካኛል።

«ሱፍ ለብሶ ያሠለጠነ አንድም የለም?» (ከአሌክሳንድሪያ)

አለ፤ ያውም ከሁሉም በላይ ያሸነፈው። ኮኒ ማክ የፊላደልፊያ አትሌቲክስን ከ1901 እስከ 1950 ሲመራ ልብሱ ሱፍና ክራባት ነበር። ተቀምጦ የውጤት መመዝገቢያ ወረቀቱን እያወዛወዘ ተጫዋቾቹን ወዲያና ወዲህ ያዛውር ነበር። 3,731 ጨዋታ አሸንፏል፤ እስካሁን የደረሰበት የለም። በዘመናዊው ሜጀር ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ለብሩክሊን መጫወት በጀመረበት ዓመት ቡድኑን የመራው በርት ሾተንም ማልያ አይለብስም ነበር። ስለዚህ ወርዋሪ መቀየር ሲፈልግ ረዳቱን ይልክ ነበር እንጂ ራሱ ሜዳ አይገባም ነበር።

«ከማልያው ላይ ሹራብ መደረብ ይከለከላል?»

መደረብ አይከለከልም፤ ሊጉ ግን ማልያው ከሥር እንዲኖር ይፈልግ ነበር። በ2007 የቦስተኑ ቴሪ ፍራንኮና ኒው ዮርክ ላይ ጨዋታ እየመራ ሳለ የሊጉ ሰው መጥቶ ከሹራቡ ሥር ማልያ መልበሱን አረጋግጧል። ፍራንኮና የደም ዝውውር ችግር ስላለበት የሚበርደው ሰው ነው። ጨዋታው እስኪያልቅ መጠበቅ ይቻል ነበር፤ እኔ ትክክል ነው አልልም።

«ለአባቴ የናሽናልስ አሰልጣኝ የነበረውን የዴቭ ማርቲኔዝን ማልያ ልገዛለት ፈልጌ ሱቁ ውስጥ የተጫዋቾች ብቻ ነው ያለው። የ2019ኙን ዋንጫ አብረን ነው ያየነው።»

እህቴ፣ ሱቆች የሚደረድሩት ቶሎ የሚሸጠውን ነው፤ በየዓመቱ ብዙ የተሸጡ ተብለው የሚዘረዘሩትም የተጫዋቾች ማልያዎች ናቸው። ስምና ቁጥር የሌለውን ማልያ መርጠሽ «ማርቲኔዝ» እና 4 ቁጥር አስለጥፊበት። ስም የተለጠፈበት ማልያ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይመለስ የአባትሽን ልክ አስቀድመሽ እወቂ። አሰልጣኙ ራሱ የለበሰውን የሚሸጥልሽ ከመጣ ደግሞ የሊጉን ሆሎግራም (ቁጥር ያለበት የሚያብረቀርቅ የማረጋገጫ ተለጣፊ) ፈልጊ። ሊጉ ይህን ማረጋገጫ የጀመረው የሐሰት ፊርማና ዕቃ ገበያውን አጥለቅልቆት ስለነበር በ2001 ነው። ቁጥሩን ሊጉ ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ ሳታይ ገንዘብ አትክፈይ።

«የአሰልጣኝ ቁጥር ትርጉም አለው?»

ለአንዳንዱ አለው። ጆ ጂራርዲ በ2008 የኒው ዮርኩን ቡድን ያንኪስን ሲረከብ 27 ቁጥርን ለበሰ፤ ቡድኑ 26 ዋንጫ ነበረውና ቀጣዩን በጀርባው ተሸክሞ ዞረ። በ2009 አሸነፉ። ጂራርዲም ቁጥሩን ወደ 28 ቀየረ፤ 28ኛው ዋንጫ ግን በእሱ ጊዜ አልመጣም።