ቁርስ ሳትበሉ ኮሮኮንች አትውጡ

ልጆቼ፣ 30 ዓመት ሙሉ የሯጮችን እግር ሳሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ጭንቅላትና ስለ ቁርስ ነው።

አንድ ማለዳ ሰንዳፋ ኮሮኮንች ላይ ረጅም ሩጫ ነበር። ኮንዲሽኑ ያማረ አንድ ልጅ ወደ መጨረሻው ላይ መወላገድ ጀመረ። ቆመና የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት። «እግሬን ምን ነካብኝ?» አለኝ። እግሩ ደህና ነበር። ማታ ግማሽ እንጀራ፣ ጠዋት ውሃ ብቻ ነው የቀመሰው። ስኳር በጥብጬ ሰጠሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ክሩን ራሱ አሰረ።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ቁጭ ባልንበት እንኳ ከምናቃጥለው ኃይል 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። ዋና ምግቡ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ነው። ጡንቻ ግላይኮጅን የሚባል የራሱ ስንቅ አለው፤ ግን ለማንም አያበድርም። አንጎልን የሚቀልበው ጉበት ነው። ጉበት የሚይዘው ግላይኮጅን 100 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሌሊት ተኝታችሁ ስታድሩ ብዙ ይጎድላል። የደም ስኳር ሲወርድ አንጎል እጅና እግርን በወጉ ማዘዝ ያቅተዋል።

አንጎል ቆጣቢም ነው። በሲድኒ 2000 ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። 24 ዙር የሮጠ ሰው ያን አጨራረስ ከየት ያመጣል? እኔ እንደማምነው አንጎል ለክፉ ቀን ያስቀምጣል፤ መድረሻውን ሲያይ ይለቃል። ሙከራ ላይ ብስክሌተኞች ስኳር ያለበት ፈሳሽ ተጉመጥምጠው ሲተፉት እንኳ የ1 ሰዓት ያህል ግልቢያ ፈጠን ብለው ጨርሰዋል። ጠብታ ሳይውጡ! አፍ «ምግብ መጣ» ብሎ ለአንጎል ይነግረዋል፤ እሱም እጁን ይፈታል።

ሴት ልጆች፣ እናንተን በተለይ። «ብከሳ እፈጥናለሁ» ብላችሁ ምግብ ስትቀንሱ የወር አበባ ከቀረ፣ ሰውነት ኃይል አጥሮት ሥራ እየዘጋ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል። አትደብቁት፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስንቷ ጎበዝ በዚህ እንደቀረች ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከልምምድ በፊት በሶ በማር በጥብጣችሁ ጠጡ። የምትጾሙ ከባዱን ልምምድ ወደምትበሉበት ሰዓት አስጠጉት። ቤት የሚበላ ከጠፋ ደግሞ አትፈሩ፣ ለአሰልጣኛችሁ ንገሩት። ያን ቀን ቀለል ያለ ሥራ ይስጣችሁ።