የፈረመው ሰው የት ገባ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዳማ የታሪክ መምህርት ነኝ። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ስመጣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከአዟሪ ላይ የአንድ የቀድሞ ባለሥልጣን ግለ ታሪክ በ800 ብር ገዛሁ። 400 ገጽ አነበብኩ፤ ሰውየው አንድም ቀን አላጠፉም። ቨርጂኒያ የሚኖረው አጎቴ ደግሞ «የአሜሪካኖቹን አንብቢ፤ እዚያ አሳታሚው ያጣራል፤ ቤስት ሴለር የሚሆነው በከንቱ አይደለም» ይለኛል። እውነት ነው? እነዚህን መጻሕፍት ለተማሪዎቼ ልጥቀስ ወይስ ልተዋቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትተያቸው። ግን እንደ ምስክር ቃል አንብቢያቸው። ምስክር ደግሞ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል።

መጀመሪያ የአጎትሽን ልመልስ። አሜሪካም ቢሆን መጽሐፍ አሳታሚ እያንዳንዱን ቃል አያጣራም። የጻፈው እውነት ስለመሆኑ በውሉ ላይ ኃላፊነቱን የሚወስደው ደራሲው ነው። ሽያጩም ቢሆን ሁልጊዜ የአንባቢ ፍቅር አይደለም። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ጂም ራይት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ከሽያጩ 55 በመቶ ይከፈላቸው ነበር፤ የተለመደው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ንግግር እንዲያደርጉ የሚጋብዟቸው ድርጅቶች በአበል ፈንታ መጽሐፏን በጅምላ ይገዛሉ ተብለው በምክር ቤቱ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ተከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ2019 ደግሞ የሪፐብሊካን ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ለትራምፕ ልጅ መጽሐፍ ከ90 ሺህ ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛ። ኒውዮርክ ታይምስ በጅምላ የተገዛ ሲመስለው በቤስት ሴለር ዝርዝሩ ላይ ከመጽሐፉ አጠገብ ትንሽ የጩቤ ምልክት ያደርጋል። አጎትሽ ያቺን ምልክት ይፈልጋት።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው አሳታሚው። ማተሚያ ቤቱ ገጽ ቆጥሮ፣ የወረቀት ዋጋ አስልቶ ያትማል። «ይህ ቀን ልክ ነው? እዚህ ስብሰባ ላይ ሌላ ማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አራሚው ፊደል ያርማል። እኔም ሃያ ዓመት ያህል የኖርኩት በዚሁ ሥራ ስለሆነ አውቀዋለሁ።

አንድ ረቂቅ አልረሳም። የሰውየውን ስም አላነሳም። በእጃቸው «የእስር ትእዛዙን እኔ ፈረምኩ» ብለው ጽፈዋል። ሳነበው እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከባለሥልጣን ረቂቅ ላይ አንብቤ አላውቅም ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ረቂቁ ተስተካክሎ ሲመጣ «የእስር ትእዛዙ ተፈረመ» ሆኗል። ቤተሰብ አንብቦት ነበር። ደወልኩና «የመጀመሪያው ይሻላል» ብዬ ለመንኳቸው። «ልጆች አሉኝ እኮ» አሉኝ። እንደዚያው ታተመ። የታሰሩትም ሰዎች ልጆች ነበሯቸው። ያኔ ይህን ሳልላቸው ስልኩን መዝጋቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ግለ ታሪክ ሳነብ ግሱን ነው የማየው። በአማርኛ «እኔ» ብንልም ባንልም አድራጊውን ግሱ ይነግረናል። መንገድ ሲሠራ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት «አስጀመርኩ፣ መከርኩ፣ ተከራከርኩ» ይላሉ። ሰው ሲታሰር ወይም ሲገደል ግን «ተወሰነ፣ ታመነበት፣ እርምጃ ተወሰደ» ይሆናል። የገዛሽውን መጽሐፍ በእርሳስ ይዘሽ ግሶቹን አስምሪባቸው። ደራሲው የት ላይ ከራሱ ታሪክ ውስጥ እንደወጣ ገጹን ታገኚዋለሽ።

ለክፍልሽ ደግሞ አንድ ሌሊት ምረጪ። ለምሳሌ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.። ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ የገደለበት ነው፤ የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንንም በዚያ ሌሊት ነው የሞቱት። ኮሎኔል መንግሥቱ መጽሐፍ አላቸው። የደርግ ባለሥልጣናት የነበሩት ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስም፣ ፍሥሐ ደስታም ጽፈዋል። ስለዚያ ውሳኔ የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጪና ልጆቹ «ማን ወሰነ?» ለሚለው መልስ ከየመጽሐፉ ይፈልጉ። አክሊሉ እስር ቤት ሳሉ ለመርማሪ ኮሚሽን የጻፉት ማስታወሻም ከሞቱ በኋላ ታትሟል። ለገበያ ብለው አይደለም የጻፉት፤ ግን እሱም የተከሳሽ ቃል ነውና በዚያው ዓይን ይነበብ።

ለ40 ልጆች በ800 ብር መጽሐፍ መግዛት እንደማይቻል አውቃለሁ። ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ገጽ ፎቶ ኮፒ ይበቃል። ልጆቹ ያገኙትን ጻፊልኝ፤ አምዱ ላይ አወጣዋለሁ።