የባህር ኤሊ ለጅማ ሰው ምኑ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። እዚ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለህዝብ ክፍት የሆነ ሌክቸር ነበርና ሄጄ ነበር። መጀመሪያ ስለ ዘላቂ ግንባታ ተወራ፣ ቀጥሎ ስለ ባህር ዳርቻ አራዊት ጥበቃ፣ ኤሊ ምናምን፣ ግማሹ ሰው ተነስቶ ወጣ። እኔም ልወጣ ነበር፣ ባህር ለሌለው ሰው ኤሊ ምን ይሰራለታል? ሁለቱን ርዕስስ ምን አገናኛቸው? ደሞ ትንሽ ቤት ልሰራ ነው፣ የሸክላ ጡብ ይሻለኛል ወይስ ያ ከአፈር የሚታመቀው ብሎኬት? (ከሂርማታ)

መልስ፦ እንኳንም አልወጣህ ወንድሜ። የሚያገናኛቸው አሸዋ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2022 እንዳለው ዓለም በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ቶን አሸዋና ጠጠር ይጠቀማል፣ የበረሃው አሸዋ ደሞ ነፋስ እያሸው ልሙጥ ስለሆነ ለኮንክሪት አይሆንም፣ እና ሰው ወንዝና ባህር ዳር ይዝቃል። ኤሊዋ እንቁላሏን የምትቀብረው እዛው ባህር ዳር አሸዋ ውስጥ ነው፣ ቅርባችን ዳህላክ ደሴቶች ላይም እንደዛው። አሸዋው ካለቀ የት ትውለድ? በቀረው ላይ ደሞ ሆቴል ይተከላል፣ በማታ የተፈለፈሉት ጫጩቶች ብርሃን ወዳለበት ስለሚሮጡ ባህሩን ትተው ወደ ሆቴሉ አምፖል ይሄዳሉ።

አሁን ወደኛ እንምጣ። ቦዬን ታውቀዋለህ፣ ጉማሬው ያለበት፣ ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያለው ባለ ረጅም እግሩ ወፍ የሚታይበት። ከቦዬና ከቂጦ ረግረግ ለጡብ ጭቃ ይቆፈራል፣ ጡቡ የሚተኮሰው በባህር ዛፍ ነው፣ ባህር ዛፉ ራሱ ረግረጉ ዳር ተተክሎ ውሃውን ይጠጣል። ቆፋሪዎቹ ላይ አልፈርድም፣ እንጀራቸው ነው፣ ገዢው እኔና አንተ ነን። ረግረጉ የጎርፉን ደለል ያስቀር ነበር፣ እሱ ከሌለ ደለሉ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ ነው የሚወርደው። በከተማችን የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ ውሃ ባህር አይደርስም እንጂ በግልገል ጊቤ አድርጎ ኦሞ ወንዝ ይገባል፣ ኦሞ ደሞ ቱርካና ሐይቅ፣ የቱርካና ውሃ 90 ከመቶ ገደማ ከኦሞ ነው፣ አዞውም አሳውም ዓሣ አጥማጁም በሱ ነው የሚኖሩት። ባህር የለንም ማለት ዳርቻ የለንም ማለት አይደለም እኮ።

ቤትህን በተመለከተ እኔ ለታመቀው ብሎኬት አደላለሁ። አፈሩ ከ5 እስከ 10 ከመቶ ሲሚንቶ ተደባልቆ በማሽን ይጨመቃል፣ እሳት የለ እንጨት የለ። ግን ማሽኑ አቅራቢያህ ካለ ነው፣ ከሩቅ በአይሱዙ ካስጫንክ ትርፉ ሁሉ ለጫኝ ይሆናል። ጥቁር አፈር እንዳትሞክር፣ ያብጣል ይሰነጠቃል፣ ቀዩን፣ እሱንም ላዩን ገፈህ ከስር ያለውን ነው የምትወስደው። አፈሩን በሃይላንድ ጠርሙስ ከውሃ ጋር በጥብጠህ አሳድረው፣ አሸዋው ከታች ይቀመጣል ሸክላው ከላይ፣ ሸክላው ከበዛ አሸዋ ትጨምራለህ። ብሎኬቱ ሲወጣ ወዲያው አትገንባበት፣ ላስቲክ ሸፍነህ ውሃ እያርከፈከፍክ ሳምንታት ይቆይ፣ ሰራተኛው ቢቸኩልም አንተ እምቢ በል።

ትልቁ ነገር ግን ዝናቡ ነው፣ ጅማ ላይ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። መሠረቱን በድንጋይ ከፍ አድርገው፣ የቆርቆሮው ጠርዝ ከግድግዳው በደንብ ይውጣ። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሄደህ ጣሪያውን እየው፣ እንጨትና ጭቃ ሆኖ ከ100 ዓመት በላይ የቆመው የጣሪያው ጠርዝ ከግድግዳው የወጣ ስለሆነም ነው፣ ጥገና እንደሚፈልግ አልክድም። ምስጥ ካለ እንጨቱ መሬት እንዳይነካ። ሻወር ቤቱን ግን በሸክላ ጡብ አድርገው፣ ስትገዛ ጭቃው ከየት እንደተቆፈረ ጠይቅ፣ ከረግረጉ ካሉህ ሌላ ሻጭ ፈልግ።