ከዜማው በፊት «ቲት» ትቅደም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዕቃ ቤት ለዓመታት የተቀመጠ ፔንቲየም 4 ዴስክቶፕ አለን። ልጆቹ የዊንዶውስ ኤክስፒን የመነሻ ዜማ ይስሙት ብዬ ሰካሁት። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው፣ ከውስጥ ረጅም «ቲት» እየደጋገመ ይጮኻል። ዜማው ጠፍቶ ይሆን? (ከሰበታ)

መልስ፦ ዜማው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው፤ ማሽኑ ገና እዚያ አልደረሰም። የሰሟት ቲት የዊንዶውስ አይደለችም። ባዮስ የሚባለው የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ፕሮግራም ዊንዶውስን ከመጥራቱ በፊት ዕቃዎቹን ሲፈትሽ የሚያሰማት ናት። አዋርድ በሚባለው የባዮስ ዓይነት አንድ አጭር ቲት «ደህና ነኝ» ማለት ነው። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከሆነ ችግሩ የስክሪን ካርዱ ነው፤ እየተደጋገመ የሚመጣ ረጅም ደግሞ ራም (ማሽኑ የሚሠራበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) አልተገኘም ማለት ነው። አሚ በሚባለው ሌላ ዓይነት ቆጠራው ይለያልና ማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈውን የባዮስ ስም ያረጋግጡ።

ገመዱን ከዲቫይደሩ ይንቀሉና የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ የቀረው ኃይል ይውጣ። በካቻቢቴ የጎን ክዳኑን ይፍቱ። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ቡሩሽ ይጥረጉ እንጂ በአፍ አይንፉ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው። የራሙን ሁለት መያዣዎች ወደ ውጭ ገፍተው ያውጡትና ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ የእርሳስ ላጲስ በቀስታ ያሹ። ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ራም ጥርሱ ላይ ስስ ቆሻሻ ይዞ መገናኘት ያቅተዋል፤ በተለይ ክረምት በገባበት ዕቃ ቤት። የላጲሱን ፍርፋሪ ጠርገው፣ የራሙን ጎድጓዳ ከማስገቢያው ጉብታ ጋር አገጣጥመው፣ መያዣዎቹ ራሳቸው «ቀጭ» ብለው እስኪዘጉ ይጫኑ። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ይሞክሩ። የብርጭቆ ወረቀት አይንካው፤ ወርቁን ይልጠዋል።

ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ ሌላም የሚታይ አለ። በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የቆሙት ትናንሽ ሲሊንደሮች፣ ካፓሲተሮቹ፣ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካለ ዳግም አያብሩት። የ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ማዘርቦርዶች በዚህ በሽታ ይታወቃሉ። መቀየር ይቻላል፤ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም በላይ፣ መስመር ያለበት ጎኑ ኔጌቲቭ። እውነቱን ለመናገር ግን ሌላ አሮጌ ማዘርቦርድ ማግኘት ይቀላል። ሳንቲም የምትመስለው ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032 ባትሪም ሳትሞት አትቀርም፤ የፕላስ ምልክቷን ወደ ላይ አድርገው ይቀይሯት፤ አለዚያ ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ኋላ ይመለሳል።

ከኋላ ፓወር ሰፕላዩ (ገመዱ የሚሰካበት ኃይል ሰጪ ሳጥን) ላይ ቀይ መቀያየሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን ይዩ። 115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ የሚሰሙት ድምፅ ፍንዳታ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን አይክፈቱት፤ ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ይቆያል። መብራት ሄዶ ከመጣም ወዲያው አያብሩ፤ ጥቂት ደቂቃ ይረጋ።

ጥያቄ፦ አዲሱ ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው። ስከፍተው የድሮው ኤክስፒ ዜማ እንዲሰማ ማድረግ እችላለሁ? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ይቻላል፤ በአቋራጭ። ከኤክስፒ ቀጥሎ ከመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የመነሻው ድምፅ ኢሜጅሬስ በሚባል የሲስተም ፋይል ውስጥ ተቀብሯል። እሱን የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ አንመክርም፤ ዝማኔ ሲመጣ ይመልሰዋል፣ ከተበላሸም ዊንዶውሱን ይዞ ይወድቃል። በኤክስፒ ግን ዜማው ራሱን የቻለ የዌቭ ፋይል ነው፦ ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሚዲያ የሚለው ፎልደር ውስጥ ያገኙታል። በፍላሽ ወደ ላፕቶፑ ገልብጠው የፋይሉን አቋራጭ (ሾርትከት) ስታርትአፕ በሚባለው፣ ሲገቡ የሚከፈቱ ነገሮች በሚቀመጡበት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ። ሲገቡ ማጫወቻው ተከፍቶ ያሰማል፤ ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል፣ መስኮቱንም ራስዎ ይዘጋሉ። ፍላሹን ግን አስቀድመው በአንቲቫይረስ ይፈትሹ፤ የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ከዜማው ጋር ቫይረሱንም ያወርሳል።

አሮጌው ማሽን ካልተነሳ ዲስኩን አውጥተው በአዳፕተር ከላፕቶፑ ያገናኙ። የዴስክቶፕ ዲስክ 12 ቮልት ስለሚፈልግ የራሱ ቻርጀር ያለው አዳፕተር ይግዙ። ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ከደጋገመ ወዲያው ያጥፉት፤ በውስጡ የቤተሰብ ፎቶ ካለ ማብራት ማጥፋቱ ይጨርሰዋል።

የዊንዶውስ 95ን ዜማ የሚመርጡም አሉ። የሠራው እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ብራያን ኢኖ ነው፤ 3 ሰከንድ ከሩብ ያህል እንዲሆን ተጠይቆ 84 ሙከራ ሠርቷል። የተመረጠው ወደ 6 ሰከንድ ይጠጋል።

ጥያቄ፦ የ2017 ማክቡክ ፕሮ ገዛሁ፤ ሲነሳ ድምፅ የለውም። ስፒከሩ ተበላሽቶ ነው? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ሙዚቃ ከፍተው ይሞክሩት፤ ከተሰማ ስፒከሩ ደህና ነው። አፕል ከ2016ቱ ማክቡክ ፕሮ ጀምሮ ያንን ድምፅ አስቀርቶት ነበር፤ በ2020 ቢግ ሰር ከተባለው የማክ ሲስተም ጋር መለሰው። ቢግ ሰርን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣውን ይጫኑ፤ ከዚያ የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ሲነሳ ድምፅ ያሰማ የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት። እንደገና ሲያስነሱት ያንን ሰፊ ኮርድ ይሰሙታል፤ ቀዳሚው ጂም ሪክስ ኳድራ ለተባለው የ1991 ማክ የሠራው የሲ ሜጀር ኮርድ ነው።