ይቺን አህያ ልሽጣት?

ባለፈው እሑድ አንዲት ወጣት ቤቴ መጣች። የጎረቤቴ ልጅ ናት። እዚሁ ባሕር ዳር በሒሳብ ሠራተኛነት ትሠራለች፤ ማታ ማታና እሑድ ደግሞ ትሥላለች። በብብቷ ያመጣችውን ሥዕል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። አህያ ናት። ሁለት ቢጫ ጀሪካን ተጭናለች። አንገቷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ፣ በፊት እግሯ ጥቁር ጃንጥላ ይዛ፣ ማኅበር እንደምትሄድ እመቤት ቀስ ብላ ትራመዳለች።

«የአያቴ አህያ ናት» አለችኝ። «ጋሸ፣ አንድ ካፌ ያለው ሰው በ3000 ብር ልውሰዳት ብሎኛል። ልሽጣት?»

ቀላል ጥያቄ ነው። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ሌላ ወሬ አመጣሁባት። ከሄደች በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለእሷም፣ እንደ እሷ ከሥራ መልስ እንስሳ እየሣላችሁ ለምትሸጡ ልጆችም ይህን የጻፍሁት ለዚህ ነው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበርሁ። ቀን ላም እከትባለሁ፤ ማታ በኩራዝ ላም እሥላለሁ። የምሥላቸው እንስሳት እንደ ሰው ይለብሳሉ፣ እንደ ሰው ይቀመጣሉ። የጀመርሁት በተረት ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይል የለ? ያንን ጅብ ሣልሁት፤ ቁርበቱ ላይ በክርኑ ተደግፎ፣ እግሩን አነባብሮ። ቀጥሎ በሰማይ ያለችውን ላም ሣልሁ፤ ከሥሯ ሴቶች ቅላቸውን ወደ ደመናው ዘርግተው ይጠብቃሉ።

አሁን ወደ በሬው ልምጣ።

1986 ዓ.ም. ክረምት ነው። የምሠራው ቢቸና ነበር። አንድ ጠና ያሉ ገበሬ በሬ እየነዱ ወደ ክሊኒኩ መጡ። በሬው ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ ስሙም ቦራ ነው። የግራ ቀንዱ ወደ ታች ወርዶ ጆሮውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የኋላ እግሩን ያነክሳል። ጉልበቱን ዳሰስሁት። መገጣጠሚያው አብጦ ደንድኗል። የዚያ አገር መሬት መረሬ ነው። በክረምት ጥቁሩ ጭቃ ማረሻውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። በሬ ይጨርሳል። ቦራ በዚያ አፈር ላይ 11 ዓመት አርሷል።

«አያ፣ ይህ በሬ ከእንግዲህ አያርስም» አልኋቸው።

ዝም አሉ። እጃቸውን የበሬው ሻኛ ላይ አሳረፉ። «እንግዲያ ለመስቀል መሸጡ ነው» አሉ። ለሥጋ ማለታቸው ነው። ሌላ በሬ ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል።

መድኃኒት ልጽፍ ወረቀት ስፈልግ፣ በክትባት ቅጽ ጀርባ የሞነጫጨርኋቸውን እንስሳት አዩ። የመጀመሪያው ጋቢ የለበሰ አውራ ዶሮ ነበር። ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት፤ ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና እንዲህ አሉኝ፦

«ዶክተር፣ ቦራንም ሣልልኝ። አንድ ቀን እንኳ እሱ ይቀመጥ፣ እኔ ልቁምለት።»

እኔ ዶክተር አልነበርሁም፤ ገበሬው ግን ሁላችንንም እንዲያ ይለናል።

ቦራን አጥር ሥር አስረን አንድ ሰዓት ያህል አየሁት። የዓይኑ ሽፋሽፍት ረጃጅም ነው። ቀንበር የዋለበት አንገቱ ጠጉሩ አልቆ እንደ አሮጌ ቁርበት አብለጭልጯል። ሁሉንም በእርሳስ ያዝሁት። ከዚያ በየማታው ሠራሁ። አቡጀዲ ወጥሬ፣ በኮላና በነጭ ቀለም ለብጬ፣ አድርቄ። ቦራ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ተቀምጧል። ዋንጫ ይዟል። ገበሬው ባዶ ራሳቸውን ቆመው ጠላ ይቀዱለታል። የቦራ ዓይን ወደ ዋንጫው ሳይሆን ወደ ሰውየው ነው። ይህን አስቤ አልነበረም ያደረግሁት፤ እጄ ነው የሠራው። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሁሉ እንደዚያ ሥዕል የሆነልኝ የለም።

ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እያደረቅሁት ሳለ አንድ የመስክ እንግዳ ከአዲስ አበባ መጣ። አየው፤ ከፊቱ አልነቃነቅ አለ። «ይሄን ስጠኝ» ብሎ 150 ብር አወጣ። የደመወዜ እኩሌታ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። የባለቤት እንደሆነ ነገርሁት። «ሌላ ትሠራለህ፤ አንተው አይደለህ የሠራኸው» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ አሰብሁ። ያኔ የመጀመሪያ ልጄ ልትወለድ ሁለት ወር ቀርቷት ነበር። ሰጠሁት።

በሁለት ማታ ሌላ ሠራሁ። እርሳሱን የያዘው ወረቀት ከሥዕሉ ጋር ሄዷል፤ እንግዳው ለምኖኝ መርቄለት ነበር። ቦራም ተሽጧል። ስለዚህ ከትዝታዬ ሠራሁት።

ከመስቀል በፊት ባለው ቅዳሜ ሰውየው ከገበያ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው መጡ። ሥዕሉን አወጣሁላቸው። ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ በጣታቸው ቀንዱን ነኩት። በቀኝ ነበር የጎነበሰው። የእውነተኛው ቦራ በግራ ነው።

«ዶክተር፣ ይሄ ሌላ በሬ ነው» አሉ።

ላርመው አልኋቸው። «ምን ታርመዋለህ፣ አላወቀኝም እኮ» አሉኝ። ሁለተኛው በሬ የሚያየው ዋንጫውን ነበር። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቅቤውን አጠገቡ አኖሩት። «ለድካምህ» ብለው ወጡ። የመጀመሪያውን መሸጤን አልነገርኋቸውም። ያንኑ ዓመት ወደ ዳንግላ ተዛወርሁ። ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ልጆቼ፣ ቡሩሽ እጠቡ፣ በየቀኑ ሣሉ እያልሁ አላደክማችሁም፤ ታውቁታላችሁ። እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሁን የማያቸው ወጣቶች ብዙዎቹ እንስሳ የሚሥሉት ከስልክ ነው። ፒንተረስት ከፍተው ዘውድ የደፋ አንበሳ፣ መነጽር ያደረገ ፓንዳ ይገለብጣሉ። ጣና ዳር ተቀምጦ ፔንግዊን የሚሥል ልጅ አይቻለሁ። ሻላ የሚባለው ወፍ ከፊቱ ከረጢት የመሰለ መንጋጋውን ዘርግቶ ዓሣ ያጠምዳል፣ እሱ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል። ያሳዝነኛል። እንስሳ የሚያስቀው እውነተኛ ሲሆን ነው። አህያን ጃንጥላ ከማስያዛችሁ በፊት ጆሮዋ ስትፈራ ወዴት እንደሚዞር እወቁ። ያን ጊዜ ጃንጥላው ራሱ እውነት ይሆናል።

በአንድ ነገር ግን ትበልጡናላችሁ። ዋጋ ለመጥራት አታፍሩም። የእኛ ዘመን ሰው «እንደፈለግህ ስጠኝ» እያለ ነው ያረጀው።

ልጅ ሆኜ አባቴ ዘጌ ወስዶኝ ነበር። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንደርስ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ሆኖ ጠበቀኝ። ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ያያሉ። ክፉዎቹ በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታያቸው። ይህን ስላየሁ ጅቦቼን ለዓመታት ባንድ ዓይን ሣልኋቸው። አንድ ቀን ልጄ «አባዬ፣ አያ ጅቦ ምን ሆኖ ነው ዓይኑ የጠፋው?» አለችኝ። ጅብ የራበው እንጂ ክፉ እንዳልሆነ እኔ በሙያዬ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ዓይን ሰጠሁት። በነገራችን ላይ እነዚያ ጅቦች የበለጠ ተሸጡ።

አንድ ያልሸጥሁት ሥዕልም አለኝ። «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ በ1880ዎቹ ክፉ ቀን የአገሩን ከብት የጨረሰው ነው። እኛም ተረኛ ሆነን ስንከትበት ኖርን። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ጠፋ ተብሎ ሲታወጅ እልል የምትል ላም ሣልሁ። ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ እምቢ ብያለሁ።

እንግዲህ የተሣለን ነገር ሁሉ አትሽጡ ያልሁ እንዳይመስላችሁ። ሻላዬን ከሠላሳ ጊዜ በላይ ሥያለሁ። አንዱ ጋዜጣ ሲያነብ፣ አንዱ ዓሣ ሲመዝን። ጣና ዳር ለሚመጣ እንግዳ ሸጥሁት፤ በዚያ ገንዘብ ነው ሁለቱ ልጆቼ የተማሩት። አንድን ሥዕል ሁለት ጊዜ መሥራት አይቻልም እላለሁ፤ ሠላሳ ጊዜ ደግሞ ሠርቻለሁ። ሻላው የማንም አልነበረም። ቦራ ግን የሰው ነበር። ልዩነቱን እስካሁን ከዚህ የተሻለ አድርጌ መናገር አልችልም።

ስለ ሥራችሁም ትጠይቁኛላችሁ። ደመወዛችሁን አትልቀቁ። አሁን ባሕር ዳር እንግዳ ሳስቷል። የሚገዛው የከተማው ሰው፣ ካፌው፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ነው፤ እሱም ወር ጠብቆ ነው። ደመወዝ ያለው ሠዓሊ ላልወደደው ዋጋ እምቢ ማለት ይችላል። ባለቤቴ ግን ያኔ ሥራህን ለቀህ ብትሥል ኖሮ ትለኛለች። አንዳንድ ማታ ልክ ሳትሆን አትቀርም እላለሁ።

ትእዛዝ ስትቀበሉ ግማሹን በቀብድ ተቀበሉ። ሱቅ ስታስቀምጡ ስንት ሥዕል እንደሰጣችሁና ዋጋውን በወረቀት አስፈርሙ። እኔ ስድስት ሥዕል በቃል ብቻ ሰጥቼ የሦስቱን ነው የተከፈለኝ። ሸራ ስትጠቀልሉ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ይሰነጠቃል። የእርሳሱን ንድፍ ለማንም አትመርቁ። ከሥዕሉ ጀርባ ቀኑን፣ የእንስሳውን ስምና የባለቤቱን ስም ጻፉ።

ሁለተኛው በሬ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። መኝታ ቤት ነው የሰቀልሁት። ብዙ ጊዜ ቀንዱን ላዞር ቡሩሽ አንስቻለሁ፤ መልሼ አስቀምጣለሁ።

አንቺ ልጄ፣ ያ ሰውዬ ትንሽ ይጠብቅሽ። ፋሲካ ሲደርስ ሥዕሉን ይዘሽ አያትሽ ዘንድ ሂጂ። ብርሃን ባለበት አሳዪያቸው። ምን እንደሚሉ ስሚ። አስቀምጪልኝ ካሉሽ እዚያው ግድግዳቸው ላይ ስቀይላቸውና ለካፌው ሌላ አህያ ፈልጊ፤ አህያ በሽ ነው። ሽጪው ካሉሽ ግን በ3000 እንዳትሰጪ። የሸራውንና የቀለሙን ወጪ ነግረሽኛል፤ አሥራ አንድ ማታም ሠርተሽበታል። 5000 በይና ዝም በይ።